አዲስ ድረ ገጽ ከመከፈቱ በፊት ማንን እንጠይቅ? እንዴትስ እንጠይቅ?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲሰሙት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው። አንድ ማህበር፣ አንድ ማትናስ፣ አንድ ምኩራብ ወይም አንድ የማዘጋጃ ቤት (ኢሪያ) ክፍል በአሽቀሎን ለሚኖረው ማህበረሰባችን በአማርኛ አዲስ ድረ ገጽ ሊከፍት ሲነሳ፣ ገጹ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ስለ ዲዛይኑ አስተያየት የሚሰበሰበው ከማን ነው? የሚሰበሰበውስ እንዴት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። ገጹን የሠራው ወጣት አድራሻውን ወደ ኮሚቴው የዋትሳፕ ቡድን ይልክና «እስኪ እዩትና አስተያየት ስጡበት» ይላል። ሰዓት ሳይሞላ «ጎበዝ!»፣ «በርቱ!»፣ «በጣም ያምራል» የሚሉ መልሶችና የአውራ ጣት ምልክቶች ይጎርፋሉ። አንዱ ደግሞ «ሰማያዊው ትንሽ ቢደምቅ» ይላል። ሰማያዊው ይደምቅና ገጹ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ግን የማህበሩ ስልክ እንደ ድሮው ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ አዛውንቶቹም ገጹ ላይ የተጻፈውን ነገር ለመጠየቅ እንደ ድሮው ቢሮ ድረስ ይመጣሉ። ገጹ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን የለም።

እነዚያ የዋትሳፕ መልሶች ምርቃት ናቸው እንጂ አስተያየት አይደሉም። ምርቃት ደግ ነገር ነው፤ ስህተትን ግን አያሳይም። እውነተኛው አስተያየት የሚገኘው ገጹን የሚጠቀምበት ሰው ፊታችን ተቀምጦ አንድ ትንሽ ጉዳይ እንዲፈጽምበት ስንሰጠውና እኛ ዝም ብለን ስናይ ነው። የዚህ ጽሁፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የቀረው ምክንያቱንና አሠራሩን ማስረዳት ይሆናል።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

በአሽቀሎን ብዙ የማህበረሰባችን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከነዚህ ውስጥ በሙሴ ዘመቻ (1984-1985) እና በሰለሞን ዘመቻ (ግንቦት 1991) የመጡ አዛውንቶች አሉ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ ወደ አገር የገቡ አዲስ መጤዎችም በእስራኤል አሉ። እዚህ ተወልደው በዕብራይስጥ ያደጉ ልጆችና የልጅ ልጆችም አሉ። (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ አንድ የአማርኛ ገጽ እነዚህን ሁሉ ማገልገል አለበት ማለት ነው።

ገጹ ላይ የሚወጣው ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የቢቱዋህ ለኡሚ መብት፣ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ፣ የልጆች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን፣ አስተርጓሚ የሚገኝበት ሰዓት ይወጣበታል። አንዲት እናት የምዝገባውን ቀን ፈልጋ ካላገኘች፣ ቀኑ ያልፋል፤ ልጁም ከቤት ይቀራል። ከዚህም የከበደ አለ። አሽቀሎን ከጋዛ ድንበር በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጋዛ ሮኬት ሲተኮስ ሳይረን ከተሰማ በኋላ ወደ መጠለያ ለመግባት ለነዋሪዎቿ የተሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ብዙ አሮጌ ሕንጻዎች በቤት ውስጥ የተጠናከረ ክፍል (ማማድ) የላቸውም። ስለዚህ የቅርቡ የሕዝብ መጠለያ (ሚክላት) የት እንደሆነ ሰው አስቀድሞ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ማወቅ አለበት። ይህን የያዘው ገጽ በሦስት ማውጫዎች ሥር ተደብቆ ከሆነ፣ ገጹ «ያምራል» መባሉ ለማንም አይጠቅምም።

«ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ለምን አይበቃም?

እንደሚታወቀው ባህላችን የይሉኝታ ባህል ነው። ሰው የለፋበትን ሥራ ፊት ለፊት ማጣጣል ነውር ነው። በተለይ አዛውንቶች አንድ ወጣት ልጅ ለማህበረሰቡ ብሎ የሠራውን ሥራ ሲያሳያቸው መጀመሪያ የሚታያቸው ልጁ ነው፤ ገጹ አይደለም። «እማማ፣ ይህ ገጽ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ጥሩ ነው ልጄ፣ እደግ፣ ተመንደግ» ይላሉ። ገጹን ማንበብ ቢቸግራቸው እንኳ ችግሩን በራሳቸው ላይ ያላክካሉ፤ «ዓይኔ ደክሞ ነው»፣ «እኔ ያልተማርኩ ነኝ» ይላሉ። ጥፋቱ የፊደሉ ማነስ መሆኑን አይናገሩም፤ ምናልባትም አያውቁትም።

ቅኔ የሚያውቁ ሰዎች ሰምና ወርቅ የሚሉት እዚህም አለ። ሰሙ ምስጋናው ነው። ወርቁ ግን ጣታቸው ስክሪኑ ላይ የቆመበት ቦታ፣ ዓይናቸውን ያጠበቡበት መስመር፣ «ከዚህ በኋላስ?» ብለው ቀና ያሉበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን መለወጥ ያስፈልጋል። «ወደዱት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቅርና «እስኪ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ከዚህ ላይ ፈልገው ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። ይህን ጥያቄ በይሉኝታ መመለስ አይቻልም። ወይ ያገኙታል፣ ወይ አያገኙትም።

ከፍሎሪዳ የተገኘ ትምህርት

ማየትና መጠቀም አንድ አለመሆናቸውን የሚያሳይ በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ነገሩ በድረ ገጽ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ የሆነ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። በ2000 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በፍሎሪዳ የፓልም ቢች አውራጃ የምርጫ ኃላፊዋ ብዙ እጩዎችን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበረባት። በአውራጃው ብዙ አዛውንቶች ስለሚኖሩ ፊደሉ ተለቅ እንዲል በማሰብ ስሞቹን በግራና በቀኝ ገጽ ላይ አሰፈረች፤ የሚበሱት ቀዳዳዎች ደግሞ በመሐል ላይ በአንድ መስመር ወደ ታች ተደረደሩ። ቅርጹ የቢራቢሮ ክንፍ ስለሚመስል «የቢራቢሮ ወረቀት» ተባለ።

በግራው ገጽ የመጀመሪያው ስም የጆርጅ ቡሽ፣ ሁለተኛው የአል ጎር ነበር። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን የጎር አልነበረም። በቀኙ ገጽ ላይ ያለው የፓት ቡካናን ነበር። የጎር ሦስተኛው ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰዎች ለጎር የሰጡ መስሏቸው ሁለተኛውን በሱ፤ ሌሎች ሁለት ቀዳዳ በሱ። በአውራጃው ከ19,000 በላይ ወረቀቶች ከአንድ በላይ እጩ ስለተመረጠባቸው ውድቅ ሆኑ። ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በዚያም ፕሬዚዳንትነቱን ያሸነፈው በ537 ድምጽ ልዩነት ነው።

ልብ በሉ፤ የዚያ ወረቀት ናሙና ከምርጫው በፊት ለመራጮች በፖስታ ተልኮ ነበር። ሰው አይቶታል። ሐሳቡም ቅን ነበር፤ ለአዛውንቶች ተብሎ የተደረገ ነው። ነገር ግን ናሙናውን በቤት ውስጥ ሲያዩት «ደህና ነው» የሚያሰኝ ነገር፣ እጅ ወደ ቀዳዳው ሲሄድ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት አዛውንቶችን አስቀምጦ «እስኪ ለዚህ ሰው ምረጡ» ቢባል ኖሮ ስህተቱ በግማሽ ቀን ይታይ ነበር። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ስንት ሰው ይበቃል?

ብዙ ማህበራት «ይህን ለማድረግ ገንዘብ የለንም፣ መቶ ሰው ከየት እናመጣለን?» ይላሉ። መቶ ሰው አያስፈልግም። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ይህን በሒሳብ አስልተው አሳይተዋል። ኒልሰንም በ2000 ለብዙኃኑ በሚገባ ቋንቋ ጽፎታል። ባጠኗቸው ሥራዎች አንድ ሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 ከመቶ ያህሉን ያሳያል። ሁለተኛው ሰው ሲቀመጥ አንዳንዱን ደግሞ ያሳያል፣ አንዳንዱ ግን አዲስ ነው። አምስት ሰው ሲሞላ 85 ከመቶ ያህሉ ችግር ታይቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሰዎች በአብዛኛው ያንኑ ይደጋግማሉ።

ስለዚህ ምክሩ እንዲህ ነው። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከመሰብሰብ፣ አምስት ሰው አስቀምጦ ማየት፣ የታየውን ማስተካከል፣ ከዚያ ሌላ አምስት ሰው፣ እንደገና ማስተካከል፣ ከዚያም የመጨረሻ አምስት። በዚህ ዓይነት ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያው ማስተካከያ አዲስ ችግር አምጥቶ እንደሆነ ይፈትናል። ሆኖም ይህ ቁጥር የሚሠራው ሞካሪዎቹ ተመሳሳይ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ተጠቃሚዎቹ በጣም የተለያዩ ከሆኑ ከየወገኑ ሦስት አራት ሰው መውሰድ ይገባል። የእኛ ማህበረሰብ ደግሞ ከዚህኛው ዓይነት ነው።

እነማንን እናስቀምጥ?

በመጀመሪያ ኮሚቴውን አይደለም። ኮሚቴው ገጹ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚያውቅ ሰው አይጠፋበትም። ገጹን የሠራውን ልጅ ጓደኞችም አይደለም። የሚከተሉት ናቸው የሚያስፈልጉት።

አንደኛ፣ አማርኛ የሚያነቡ አዛውንቶች። እነዚህ የፊደሉን መጠን፣ የቃሉን ትክክለኛነትና የሰዓቱን አጻጻፍ ይፈትናሉ።

ሁለተኛ፣ ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች። ከገጠር ከመጣው ትውልድ ትምህርት ቤት የመግባት እድል ያላገኙ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ የተጻፈ ገጽ ሁሉ ዝግ በር ነው። ድምጽ የሚያሰማ ቁልፍ ቢኖር ያገኙታል? ስልክ የሚደውለው ምልክት የስልክ መሆኑ ይገባቸዋል? ይህን ከእነርሱ በቀር ማንም ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛ፣ አዲስ መጤዎች። አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ ስልክም ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን «ኩፓት ሆሊም»፣ «አርኖና»፣ «ማትናስ» የሚሉት የዕብራይስጥ ቃላት ለጆሯቸው ገና አዲስ ናቸው። ነባሩ ሰው የለመደውን ቃል እነርሱ ላይረዱት ይችላሉ።

አራተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በብዙ ቤት ስልኩን የሚይዘው የ14 ዓመቱ ልጅ ነው። አያቱ በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ልጁ በዕብራይስጥ ይፈልጋል። ልጁ አማርኛ ይሰማ እንደሆነ እንጂ ፊደል አያነብም። ገጹ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ልጁ በሩን አያገኘውም፤ በዕብራይስጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ አያቱ አይሰሙትም። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ የአማርኛ ርእስ አጠገብ አጠር ያለ የዕብራይስጥ ርእስ ማስቀመጥ። ልጁ በዕብራይስጡ ያገኘዋል፣ አያቱ በአማርኛው ያነቡታል ወይም ያዳምጡታል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ገጹ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሙከራ በወረቀት ሊደረግ ይችላል። ዋናውን ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ንደፉት። ሰውየው በጣቱ «ይህን እጫናለሁ» ሲል የሚቀጥለውን ወረቀት አስቀምጡለት። ወረቀት ላይ የታየ ስህተት በላጲስ ይጠፋል፤ ፕሮግራም ከተጻፈ በኋላ የታየ ስህተት ግን ገንዘብና ሳምንታት ይበላል። በተጨማሪም ሰው በእርሳስ በተሠራ ነገር ላይ አስተያየት ለመስጠት ይደፍራል፤ ያለቀና የተዋበ ሥራ ሲያይ ግን ይሉኝታው ይበረታል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ወይም አራት ሥራ አዘጋጁ። ለምሳሌ፦

«ልጅዎን ለካይታና ማስመዝገብ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?»

«ከቤትዎ አጠገብ ያለው ሚክላት የት እንደሆነ ይፈልጉልኝ።»

«አማርኛ የሚናገር ሰው የሚያነሳበትን ስልክ ቁጥር ያግኙና ይደውሉ።»

በጥያቄው ውስጥ ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል አትድገሙ። ቁልፉ ላይ «ምዝገባ» ተብሎ ተጽፎ እያለ «ምዝገባን ፈልጉ» ካላችሁ መንገዱን አሳያችኋቸው ማለት ነው።

ሲጀምሩ እንዲህ በሏቸው፦ «የምንፈትነው ገጹን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። እርስዎ ከተቸገሩ ጥፋቱ የገጹ ነው። ደግሞም ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ቢነቅፉት አልቀየምም።» የመጨረሻው አረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን፣ አጠገባቸው የሚቀመጠው ገጹን የሠራው ሰው ባይሆን ይመረጣል። የሠራው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ይመልከት፣ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ታላቅ ሰው ሲቸገሩ እያዩ አለመርዳት ለእኛ ነውር ይመስላል፤ እጃችን ሳናስበው ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከረዳናቸው ያልረዳናቸው ያህል ነው፤ ነገ ቤታቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ያው ቦታ ላይ ይቆማሉ። «እኔስ ብሆን ምን ላድርግ?» ብለው ቢጠይቁ «እኔ ባልኖር ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ በትህትና መመለስ ይቻላል። ሙከራው ካለቀ በኋላ ግን መንገዱን ማሳየትና ማመስገን፣ ቡናም ማፍላት ይገባል።

ሙከራው በራሳቸው ስልክ ይሁን። ገጹን የሠራው ልጅ ስክሪኑ ሰፊና አዲስ ነው። የአዛውንቱ ስልክ ደግሞ የልጅ ልጃቸው የተወላቸው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። አንዱን ሙከራ ከቤት ውጭ፣ በአሽቀሎን የቀትር ፀሐይ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አድርጉት። ፈዛዛው ግራጫ ፊደል በዚያ ብርሃን ይታይ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

በአማርኛ ገጽ ላይ የሚያጋጥሙ ልዩ ችግሮች

የዕብራይስጥ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ የማያያቸው፣ በአማርኛ ገጽ ላይ ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። ሙከራ ስታደርጉ እነዚህን ጠብቁ።

ፊደሉ፦ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ነበረው፤ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነበር። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል። መጠኑ ግን አሁንም ችግር ነው። ለዕብራይስጥ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ አይበቃም። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት ከላይ ባለች ትንሽ መስመር ብቻ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ያቺ መስመር ትጠፋለች።

አቅጣጫው፦ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ። አማርኛው ለዕብራይስጥ በተሠራ ገጽ ውስጥ ዝም ተብሎ ሲለጠፍ በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚገባው የጥያቄ ምልክት ወደ ግራው ጫፍ ይዘላል። ለብቻው በሳጥን ውስጥ የተጻፈ «9:00 – 13:00» የሚለው ሰዓትም ተገልብጦ ከ13:00 እስከ 9:00 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ባለሙያው ለአማርኛው ክፍል አቅጣጫውን ለይቶ ቢያዝዝ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ፊደሉን የማያነብ ባለሙያ ስህተቱን አያየውም።

ሰዓቱ፦ «ቀጠሮዎ 3 ሰዓት ነው» የሚለውን አንድ አዛውንት ከጧቱ ሦስት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 9:00 ብለው ሊረዱት ይችላሉ። ጸሐፊው ግን ከቀኑ 15:00 ማለቱ ነበር። ስለዚህ «ከቀትር በኋላ፣ 15:00» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ወሩና ወቅቱ፦ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያው መስከረም 5 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ሴፕቴምበር 15 ቀን ነው፤ አሥር ቀን ልዩነት አለ። «ክረምት»ም እንዲሁ ነው። አገር ቤት ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ እዚህ ያ ጊዜ የሙቀትና የዕረፍት ጊዜ ነው። «የክረምት ፕሮግራም» የሚለውን አንዱ ሐምሌ ሲረዳው ሌላው ታኅሣሥ ይረዳዋል።

ፍለጋው፦ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአነጋገር አንድ ሆነዋል። «ሀኪም» ብሎ የሚጽፍም «ሐኪም» ብሎ የሚጽፍም አለ። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ አሽቀሎን፣ ሌላው አሽኬሎን ብሎ ይጽፋል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ አስቀሎና ነው። የገጹ መፈለጊያ እነዚህን አንድ አድርጎ ካልቆጠረ ሰውየው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ሞካሪዎቹ ቃሉን እንደ ልማዳቸው እንዲጽፉ ተዉአቸውና እያንዳንዱን አጻጻፍ መዝግቡ።

ትርጉሙ፦ ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ለረቂቅ ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን መብትና ገንዘብ የሚመለከት ጽሁፍ አማርኛ በሚያነብ ሰው ዓይን ሳያልፍ መውጣት የለበትም።

የተሰበሰበውን ማጣራት

ከአምስት ሰው በኋላ ሃያ ሠላሳ ነጥብ ይጻፋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስተካከል አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። በሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው፣ ሰውየው ጉዳዩን መፈጸም ያልቻለበት ነው። ይህ ሳይስተካከል ገጹ አይከፈት። ሁለተኛው፣ ፈጽሞታል ግን ተንገላቷል። ይህ በተቻለ መጠን ይስተካከል። ሦስተኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ የማን ፎቶ ከላይ ይሁን የሚለው።

የሚያጋጨው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። አንድ የተከበሩ ሰው «የቄሶቻችን ፎቶ ገጹን ይሙላው» ሊሉ ይችላሉ። ሐሳባቸውን በአክብሮት ሰምቶ፣ ከዚያ የታየውን ማቅረብ ነው፦ «አባባ፣ ፎቶው ከላይ ሆኖ ባሳየን ጊዜ ከአምስቱ አራቱ የስልክ ቁጥሩን ሳያዩ ቀሩ። ፎቶውን ስለ ማህበሩ በሚናገረው ክፍል ብናስከብረውስ?» እንዲህ ሲሆን ክርክሩ በወጣቱና በሽማግሌው መካከል መሆኑ ይቀራል። መልሱን የሰጡት ሌሎች ሽማግሌዎች ናቸው።

ሕጉና ጥንቃቄው

በእስራኤል የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግ የወጣው በ1998 ነው። በእርሱ ላይ የተመሠረቱት የአገልግሎት ተደራሽነት ደንቦችም ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያስገድዳሉ። የሚለካውም በእስራኤል ደረጃ 5568 ነው። ይህ ደረጃ ከዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የተወሰደ ሲሆን፣ ለምሳሌ የተራ ጽሁፍ ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለያይና ጽሁፉ በእጥፍ ቢያድግ ገጹ እንዳይበላሽ ይጠይቃል። ማህበራት ገጹን ከሚሠራላቸው ሰው ጋር ሲዋዋሉ ይህን በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ይሁን እንጂ ደረጃውን ማሟላት ሙከራውን አይተካም፤ የቀለሙ ልክ ትክክል ሆኖ ቃሉ ግን የማይገባ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ቅጽ (ቶፌስ) ስታስሞክሩ የሰዎቹን እውነተኛ የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር ወይም የባንክ ዝርዝር አታስጽፉ። የፈጠራ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ስክሪኑን ወይም ድምጻቸውን የምትቀዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሥራው ሲያልቅም ቅጂውን አጥፉ። ሰው ሲሳሳት የሚያሳይ ቪዲዮ በዋትሳፕ ቡድን ውስጥ ቢገኝ ሁለተኛ ማንም ሊረዳችሁ አይመጣም።

የመክፈቻውንም ቀን አስቡበት። ገጽ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ያልታዩ ችግሮች መውጣታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ስልክ የሚያነሳና የሚያስተካክል ሰው ሊኖር ይገባል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም ሰው ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወጣበት በስግድ በዓል ዋዜማ ባይሆን ይመረጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ሲጠቃለል የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ከሁሉም በላይ ዝም ብሎ የማየት ትዕግስት ነው። ማህበር ያላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ድረ ገጽ የሚሠራ፣ ይህን ጽሁፍ አካፍሏቸው። እናንተም አንድ ቀን «እስኪ ይህን ገጽ ይሞክሩልን» ተብላችሁ ብትጠየቁ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሉ። አንብባችሁ ያልገባችሁ ቃል ካለ ይህ ነው በሉ። ያልገባችሁ ነገር ለሌሎች ብዙ ሰዎችም አልገባቸውም፤ እናንተ ስትናገሩ ለእነርሱም ትናገራላችሁ።